የት ላይ ነው የምንስቀው?

ሂልቨርሰም ዘንቧል፤ ማክሰኞ ማታ ነው፤
የሃርመን ቤት ከታች፣ የኔ ከላዩ ነው።
ብስኩት ይዤ ስወርድ ደረጃ ደረጃውን፣
ድመቷ አኩርፋ ትለቅልኛለች ወንበሩን፣ የለመደችውን።
እሱ ቁልፍ ይጫናል፤
አርባ ዓመት ያልሸበተ ቤተሰብ ሳሎኑን ሞልቶ ይጠብቀናል።

አባት አለ፣ አምፖል ሊቀይር ወጥቶ ከመሰላል የሚወድቅ፤
እናት አለች፣ ሾርባው ቢያርባት እንኳ ከፈገግታዋ የማትርቅ፤
ጎረቤት አለ፣ ሳያንኳኳ ገብቶ ፍሪጅ የሚበረብር።
ሶፋው ወደኛ ዞሯል፤ በኛ በኩል ግድግዳ አልቆመም፤
ጠባቸው ግማሽ ሰዓት ነው፤ አንዱም ለነገ አልከረመም።

ደግሞ ሳቁ!
ካልታየ ሕዝብ፣ እንደ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው።
በኛ ዘንድ አውራጅ ያለው ሙሾ ነው፤
እዚህ ለካ ሳቅም አውራጅ አለው።
አልዋሽም፣ ለእንግዳ ደግ ነው፦
ሆላንድኛ ሳልሰማ፣ ቃሉ ሁሉ ጠጠር ሆኖብኝ ሳለ፣
«እዚህ ጋ ሳቅ» እያለ
እጄን ይዞ ያሻገረኝ እሱ ነው።

«ጸጥ!» ይላል ሃርመን፤ ጣቱን ያነሳል፤
«አሁን... ልትመጣ ነው...»
አባትየው ይወድቃል።
ሁለት መቶ ጉሮሮ ባንዴ ይፈነዳል፤
ሁሉም ሲበርድ ግን አንዷ ትቀራለች፣
እንደ ዛገ የአጥር በር ሲጢጥ ብላ፣ ብቻዋን ትጀምራለች።
«አሌይዳ ናት» ይላል። ትኬቱ በነጻ ነበር፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤
አዲሱ ጫማዋ ተረከዟን ልጦት፣ ቀልዱ ዘግይቶ ገባት፤
ድሮም ሁሉ ነገር ዘግይቶ ነው የሚገባት።
ከተቀበረች ዘጠኝ ዓመቷ፤
ማክሰኞ ማክሰኞ ግን አይቀርም መምጣቷ።

ፌና፣ የልጅ ልጁ፣ ኮሜዲ ትጽፋለች፤ የዘመኑን።
ሳቅ አይዘንብበትም። ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤
ሰውዬው ያልሆነ ነገር ይናገራል፣ ያፍራል፣ ዝም ይላል፤
ከዚያ ዞሮ አንተን ያይሃል፤
ብድር እንዳልመለሰ ሰው ያይሃል።

«የናንተው ውሸት ነው» ትለዋለች። «የማን በር ነው የማይቆለፍ?
የማን ጠብ ነው በግማሽ ሰዓት እንደ ሸሚዝ የሚታጠፍ?
እናትየዋስ? ሰባት ዓመት ለሌላው ቀልድ ስታቀብል
ለሷ አንድ እንኳ አልደረሳት። ቆጥሬያለሁ።»
«የናንተውስ?» ይላታል። «የጥርስ ሐኪም ወረፋ!
ሁሉም አፉን ይዞ ይጠብቃል።»
እኔ ብስኩቴን ሻይ ውስጥ ነክሬ ረሳሁት፤
ማንን ልደግፍ? ሟሙቶ በማንኪያ አወጣሁት።

አንድ ማክሰኞ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች።
ወጥ ቤት ነው፤ ጠባብ። ሽማግሌ ባል ሾርባው ላይ ጨው ይነሰንሳል፤
ይረሳል፤ ደግሞ ይነሰንሳል።
ሚስትየው አየች። ቃል አልወጣትም።
ፉት አለች። ዋጠች። ደገመች።
ከዚያ ቀና ብላ እኛን አየች።

«የት ላይ ነው የምንስቀው?» አለ ሃርመን።
«ደስ ያለህ ላይ።»
«ካልሳቅንስ?»
«አለመሳቅም ይቻላል» አለች፤ ጥፍሯን እየበላች።

ቤቱ ጸጥ። ዝናቡ ብቻ መስኮቱን ይነካካል።
ፊልሙ ሾርባውን ትቶ ሄደ፤ መንገድ፣ ብስክሌት፣ የግብር ቢሮ፤
ሚስትየዋን እኔ ራሴ ረስቻታለሁ።
ያን ጊዜ ሃርመን
ሲጢጥ አለ።
እንደ ዛገ የአጥር በር። ብቻውን። ዘግይቶ።
ድመቷ ከጭኑ ዘላ ወረደች፤
ፌና ማያው ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች።

የቱ ላይ እንደሳቀ ጠየቅነው፤ አልነገረንም።
ዓይኑን በመሐረብ ጠራርጎ መቆጣጠሪያውን ፈለገ፤
«በሉ፣ አሁን ደግሞ የኔን» አለ፤
አባትየው መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፤
መውጣት ጀመረ።